አራት ቆዳ ለአንድ ማንገቻ

በ፲፰፻፶፬ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ሰኔ ላይ፣ ሰው ሁሉ ለገብስ ሲጣደፍ፣ ማረሻዬ ድንጋይ ነክሶ ለሁለት ተሰበረ። መሬቴ ከጉና ሥር ነው፤ እዚያ ሰኔ ካመለጠህ ዓመቱ አመለጠህ። ቤቴ ውስጥ ደግሞ አምስት አፍ ነበር።

የብረት ቀጥቃጩ ቤት ከመንደራችን በታች፣ ወንዙ ዳር ነው። ለምን እሱ ዘንድ አልሄድክም ትሉኝ ይሆናል። ማረሻችንን ዓመቱን ሙሉ የሚስልልን በመኸር በሚሰፈርለት እህል ነው። በጥር ድርሻውን ሊቀበል አውድማዬ ላይ ቢመጣ «ቡዳ ምርቴን ያይብኛል» ብዬ በሰው ፊት ከነባዶ ስልቻው መልሼዋለሁ። አሁን ከደጁ መቆም ሞት መሰለኝ። የፈረንጅ ማረሻ እገዛለሁ ብዬ ሁለት የበሬ ቆዳ ተሸክሜ ደብረ ታቦር ገበያ ወጣሁ።

ከምጽዋ የመጣ ሽማግሌ ነጋዴ አገኘሁ።

«አባቴ፣ ማረሻ አለዎት?»

«ማረሻስ የለኝም። የጠመንጃ ማንገቻ አለኝ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ። አራት ቆዳ አምጣና ውሰድ።»

አገላብጬ አየሁት። የበሬ ቆዳ ነው።

«ከአንድ ቆዳ እንዲህ ያለ ስንት ይወጣል?»

«አሥር አያጣም።»

«እንግዲያ ፈረንጆቹ የአርባ ማንገቻ ቆዳ ወስደው አንድ ይመልሱልናል?»

«አንተ የምትሰጣቸው ቆዳ ነው፣ እነሱ የሚሰጡህ የእጃቸውን ሥራ ነው። እሱ ነው ውዱ።»

«እኛስ እጅ የለንም?»

«አላችሁ እንጂ። ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረት የሚመታውን ቡዳ ብላችሁ ደጅ ታቆሙታላችሁ። ጋፋት ወርደህ ለንጉሡ ብረት የሚያቀልጡትን ፈረንጆች እያቸው፤ ፊታቸው ከሰል መስሎ ንጉሡ በቅሎ ይሸልሟቸዋል።»

ተናደድኩ፤ እውነት ስለሆነ ነው። ቆዳዬን መልሼ ተሸክሜ ወረድኩ። እስከ ዛሬ ሰው ፈረንጅ በምን በለጠን ሲል ጠመንጃውን ያነሳል፤ እኔ ማንገቻዋ ትታየኛለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቀጥቃጩ ደጅ ደረስኩ። ወሬው ቀድሞኛል።

«ፈረንጁ ማረሻ አልሰጠህም?» አለኝ።

«አልሰጠኝም። በጥር የከለከልኩዎትን እህል አመጣለሁ፣ ማረሻ ይሥሩልኝ።»

«እህሉንማ ታመጣለህ፣ የኔ ነው። ግን ወናፍ የሚነፋልኝ ወንድሜ ታሟል። ነገ ራስህ ትነፋለህ።»

«እኔ?»

«ምሳህንም እዚሁ ከኔ ጋር ትበላለህ። ካይኔ ትተርፍ እንደሆን እናያለን።»

ማታ ቤት ገብቼ ከቀጥቃጩ ጋር ልበላ ነው ብዬ ለሚስቴ ስነግራት «እንግዲያ እራትህንም እዚያው» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ስልቻ ገብስ በትከሻዬ ይዤ ወረድኩና ከወናፉ ኋላ ተቀመጥኩ። ማረሻው እስኪቀላ ነፋሁ፣ ፊቴም እንደ ጋፋት ሰዎች ጠቆረ። ምሳው ሲቀርብ እሱ አየት አደረገኝ፤ መጀመሪያ እጄን ወደ ገበታው የሰደድኩት እኔ ነኝ።