ኩፍኝን ሳናይ ያደግን

እኔና እህቴ ኩፍኝ የሚባል በሽታ ሳናይ ነው ያደግነው። ቆቦ ውስጥ የእኛ እኩያ አብዛኛው እንዲሁ ነው። ተከተብን፣ አለቀስን፣ ረሳነው። በሽታው ሲጠፋ ፍርሃቱም አብሮት ጠፋ።

የእህቴ ልጅ የተወለደችው ጦርነቱ እኛ ዘንድ በደረሰበት ዓመት ነው። የቀበሌያችን ጤና ኬላ ተዘረፈ፤ የክትባቱ ፍሪጅ እንኳ አልተረፈም። ቆይቶ ክትባት ሲመለስ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታችን ድረስ መጥታ "ያመለጣትን እንከትባት" አለች።

"ምን ሆና? እንደ ፍየል እየዘለለች!" ብላ እህቴ ስቃ መለሰቻት።

ከዚያ በአንዱ ግንቦት ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ሳለች፣ ዓይኗ ቀላ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሮ ሽፍታ ወረሳት። እህቴ "የሙቀት ነው" አለች። የራያን ቆላ ሙቀት የሚያውቅ ማን ይጠራጠራል? እናታችን ግን ከጎብዬ ገበያ ስትመለስ ልጅቷን አየችና የያዘችውን እዚያው በር ላይ ጣለችው።

"ያ ረቢ! ኩፍኝ እኮ ነው!"

የእናታችንን ሁለት ታናናሾች የቀበረ በሽታ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። መስኮቱን በጋቢ ጋረደች፤ ከፀሐይ የመጣ ሰው እንዳይገባ፣ ሽንኩርት እንዳይቁላላ ከለከለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መርፌ ነው። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ከተወጋ ሽፍታው ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድለዋል ትላለች።

"ሐኪም ቤት እንውሰዳት" አልኩ።

"አንቺ በመርፌ ያደግሽው፣ ኩፍኝን የት ታውቂውና?"

"አንቺስ ማወቅሽ ማንን አዳነልሽ?"

የተነሳችብኝ እህቴ ናት። "አፍሽን ዝጊ! አሥራ ሁለተኛ ስለጨረስሽ ዶክተር ሆንሽ?"

በጨለማ ቤት የልጅ ዓይን ማን ያያል? መግል ሲያጣብቀው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በቃ። ሽፍታው ሲከስም እማ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ጋቢውን አወረደች። የልጅቷ ሁለቱም ዓይኖች ላይ ነጭ ነገር መጋረዱን ያየነው ያኔ ነው።

በባጃጅ ወደ ሆስፒታል በረርን። ሐኪሙ በመብራት ብዙ አያት። "ቫይታሚን ኤ ብትወስድ ኖሮ ዓይኗ ሊተርፍ ይችል ነበር" አለ። "በጅምሩ ነበር ማምጣት።"

"መርፌው ይገድላታል ብለን ነው" አለች እህቴ።

"መርፌ አይደለም እኮ። የሚዋጥ ነው።"

"የሚዋጥ?" አለች እማ።

አሁን እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለክትባት ሲሰለፉ አያለሁ። አንዳንዶቹ የእኛዋን አይተው የነቁ ናቸው። "ቢያንስ ለሌላው ትምህርት ሆነች" የሚሉኝ አሉ። እኔ የሰው ትምህርት እንድትሆን አልፈልግም ነበር፤ ራሷ እንድትማር ነበር የምፈልገው።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት መግቢያዋ ነው። እህቴ "ለከርሞ ይሻላትና እናስገባታለን" ትላለች። እንደማይሻላት ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ልጅቷ ግን አምናት፣ ከርሞ መቼ እንደሆነ በየቀኑ ትጠይቀናለች።