በሽቦ የሚመጣ ቅዝቃዜ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ እንደ ልማዱ መብራት ጠፍቶ፣ እኛ የጆሀንስበርግ ሰዎች ሮቦት የምንለው የትራፊክ መብራት ጨልሞ፣ መኪናው ሁሉ መስቀለኛው መንገድ ላይ «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም» ሲባባል፣ ታክሲያችን አሌክሳንድራ የሚባለው የድሆች ሠፈር ጠርዝ ላይ ተገትራ ቀረች። በመስኮቱ ማዶ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሠራተኞች ሕገወጡን ሽቦ ከምሰሶው እየጎተቱ ያወርዳሉ፤ ራቅ ብሎ ደግሞ ሁለት ሰዎች ከሠራተኞቹ እጅ ያመለጠውን ቁራጭ ለቃቅመው፣ መዳቡን ሊሸጡት ፕላስቲኩን በእሳት ያቀልጣሉ። ጥቁሩ ጭስ ወደ ውስጥ ሲገባ ተሳፋሪው አፍንጫውን ይዞ መስኮቱን ዘጋጋ። እኔ የኔን ከፈትኩት። ሽታውን ወድጄው አይደለም፤ እጠላዋለሁ። ሌላው ሰው እናቱን በቅቤ ወይም በሽቶ ጠረን ያስታውሳል፣ ለእኔ የተረፈኝ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው።

ጆሀንስበርግ ዳር ያለው የቆርቆሮ ሠፈር፣ ዛንድስፕሩት፣ የገባነው በዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባቴ የሀላባ ሰው፣ እናቴ የስልጤ ልጅ፣ መግባቢያቸው አማርኛ፤ እሱ ቀድሞን መጥቶ ስፓዛ የሚሉትን የቆርቆሮ ሱቅ ከፍቶ ነበርና እኔና እማዬ ተከተልነው። ከፊት ሱቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቤታችን ነበር። ደንበኛው ሁሉ አባዬን «ማይፍሬንድ» ይለዋል፤ ስሙን የጠየቀው ሰው ትዝ አይለኝም። እሱም የእነሱን ስም ስለማያውቅ «ማይፍሬንድ» እያለ ይመልስላቸዋል፤ የሚሰማ ሰው ሠፈሩ በሙሉ ወዳጅ ለወዳጅ የሚኖርበት ይመስለው ነበር።

የሠፈሩ ሰማይ ሽቦ ነበር። ከአንዲት ምሰሶ የተነሳው ሽቦ እንዳልተበጠረ ፀጉር እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ በየጣሪያው ላይ ተጎትቶ፣ በየመስኮቱ ቀዳዳ ሾልኮ፣ አንዳንዴም መንገዱን መሬት ለመሬት አቋርጦ በድንጋይ ተጭኖ ይሄዳል። ከላዩ የተወረወረ ጫማ፣ የተቀደደ ፌስታል፣ አንዳንዴም ክንፏን እንደዘረጋች የደረቀች ወፍ ይንጠለጠልበታል። ዝናብ ሲጥል አጥር የነካ ልጅ ነዝሮት ይጮሃል፣ እናቱ ደግሞ ከልጁ ብሳ ትጮሃለች። የዚህ ሁሉ መሐንዲስ ሲፖ የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ ሙያውን የት እንደተማረው አላህ ይወቀው። ምሰሶ ላይ የሚወጣው ሮዝ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት አጥልቆ ነው፤ ከፕላስቲክ ቦቲው አንዱ እግር ስለተሰረቀበት «ኤሌክትሪክ የሚይዘኝ በግራ በኩል ብቻ ነው» እያለ ያስቀን ነበር። ወረፋው ደርሶ መንግሥት መብራቱን ሲያጠፋ ሰዉ ሎድሼዲንግ ብሎ ይራገማል፣ ሲመለስ ከዳር እስከ ዳር ጎል እንደገባ ሁሉ ይጮኻል። እኛም እንጮህ ነበር። ከሁሉ አስበልጣ የምትጮኸው ግን እማዬ ነበረች፤ ለምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና አባዬ ብቻ ነን።

ሱቃችን ውስጥ ሦስት ፍሪጆች ነበሩ። ሁለቱ ለለስላሳና ለዶሮ ናቸው። ሦስተኛዋ በሯ በላስቲክ ገመድ የምትታሰር አሮጌ ስትሆን፣ ከማርጋሪን ጣሳ ጀርባ የእማዬ የስኳር መድኃኒት፣ ኢንሱሊኗ፣ በትናንሽ ብልቃጥ ሆኖ ይቀመጥባት ነበር። ጠዋት ማታ ከመጋረጃው ጀርባ ራሷን ትወጋለች፣ መርፌውን በጋዜጣ ጠቅልላ ትደብቃለች። ሰፈራችን አጠገብ በነጻ የሚሰጥ ክሊኒክ እያለ አባዬ ከከተማ ፋርማሲ ገዝቶ ነበር የሚያመጣላት፤ ክሊኒክ ከሄደች ሰው ያያታላ! ሰው ካየ ጄፒ፣ የሐበሻው ገበያ፣ ያሉ ነጋዴዎች ይሰማሉ፣ እነሱ ከሰሙ ወራቤ ይሰማል፣ ወራቤ ከሰማ ሀላባ ያለችው አማቷ ትሰማለች፤ «ለልጄ በሽተኛ ዳራችሁለት» ትላለች፤ የእኔም ባል የማግኘት ዕድል ያኔ በዘጠኝ ዓመቴ አብሮ ይበላሻል። «ዘሙ፣ የቤታችንን ነገር ለባዳ እንዳትነግሪ» ብላ አስምላኛለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ የሚተርቱት እማዬና አባዬ ናቸው፤ በሽታ መደበቅን ያስተማሩኝም እነሱው።

በቆርቆሮ ግድግዳ ተለያይተን የምንኖረው ከማ-ኖምሳ ጋር ነበር። ትልቅ ሴት ናት፣ ድምጿ ሻካራ፣ ሳቋ ደግሞ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ። እሷና እማዬ አንድም የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው በእጅና በቅንድብ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። በረመዳን እማዬ ሳምቡሳ ትልክላታለች፤ እሷም ቅዳሜ ቅዳሜ ደጃፏ ላይ ወንበር አውጥታ እማዬን ታስቀምጣትና ሁለቱም ሻያቸውን ያለ ስኳር እየጠጡ መንገደኛውን ያማሉ። እኔ በትምህርት ቤት ዙሉኛ ስለለመድኩ አስተርጓሚያቸው ነበርኩ፤ ብዙ ጊዜ ግን አያስፈልጋቸውም ነበር።

የገና ሰሞን፣ ሙቀቱ ቆርቆሮውን እንደ ምጣድ ሲያግለው፣ ሁሉም ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃውን ለኩሶ ሙዚቃውን ከፍቶ ሳለ ትራንስፎርመሩ ፈነዳ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ለቀናት ከልብሳችን አልለቀቀም። አባዬ የእማዬን መድኃኒት በጥቂት በጥቂቱ አዲስ እየገዛ ያመጣላት ጀመር፤ ወጪው ግን የሚዘለቅ አልነበረም። ሰዉ ለሳምንታት ጨለማ ውስጥ ከረመ፤ በጨለማ የከረመ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ መፈለጉ አይቀርም፤ ባለ ሦስት ፍሪጁ ማይፍሬንድ ተገኘ። አዲሱ ትራንስፎርመር ሊተከል ሲቃረብ ሠፈሩ ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ አጠገብ ስብሰባ ተጠራ። አባዬ እጄን ይዞ ሄደ፣ እኔ ላስተረጉም።

የተናገረችው ማ-ኖምሳ ነበረች። በእሷ ቤት አንዲት አምፖል ብቻ እንዳለች፣ የእኛ ፍሪጆች ግን የሠፈሩን ጉልበት እንደጨረሱት፣ ስለዚህ ሱቁ ከእንግዲህ ከምሰሶው እንዳይያያዝ ተናገረች፤ ሰዉ አጨበጨበ። አባዬ ሁለቱን ፍሪጅ እንደሚያጠፋ፣ አንዷን ብቻ እንዲተዉለት በእኔ አፍ ለመነ። ማ-ኖምሳ ወደ እሱ ዞራ አየችው፤ በክፋት አልነበረም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«በዚያች በአንዷ ውስጥ ምን አለ?» አለች።

ተረጎምኩለት። እጁ እጄ ላይ ሲጠብቅ ይሰማኛል።

«ለስላሳ ነው በያት» አለኝ።

«አባዬ፣ እውነቱን…»

«ለስላሳ ነው በያት አልኩሽ!»

አልኳት። ሰዉ ሳቀ። ሲፖም የታዘዘውን አደረገ፤ መብራት የመጣ ዕለት ሠፈሩ ሁሉ ሲጮህ የእኛ ቤት ዝም እንዳለ ቀረ።

አባዬ መቼም አልሰነፈም። ጀነሬተር ገዛ፣ ሳምንት ሳይሞላው ተሰረቀ። ከዚያ በየጠዋቱ ከነዳጅ ማደያው በረዶ እየገዛ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣ ጀመር፤ የላስቲክ ሣጥን ሞልቶ ብልቃጦቹን ከመሀል ይቀብራቸዋል፣ ቀዝቃዛ ከሆነ አይቀር በደንብ ይቀዝቅዝ ብሎ። ኢንሱሊን ከሙቀት ባልተናነሰ በረዶ እንደሚገድለው ማን ይንገረው? ነርስ ዘንድ አልሄደ፣ ጎረቤት አልጠየቀ። ብልቃጡ በረዶ ሆኖ ሲወጣ በመዳፏ አሙቃ፣ አቅልጣ ትወጋው ነበር። በየቀኑ ውኃ ጥሙ ባሰባት፣ ቀሚሷ ሰፋ፣ ትንፋሿ እንደበሰበሰ ፍሬ ሸተተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግተን በታክሲ ሆስፒታል ወሰድናት፤ ስትሄድ «ለጎረቤት ወባ ነው በሏቸው» አለች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም፤ በማግስቱ ጠዋት ሞተች።

በልቅሶው ማ-ኖምሳ ትከሻዋ ላይ ብርድ ልብስ ጥላ፣ የሠፈሩን ሴቶች አስከትላ መጣች። ወባ ብለን ነገርናት። የእማዬን ዕቃ ስታነሳሳ ሣጥኑን ከፈተችና፣ ከቀለጠው በረዶ ውኃ ውስጥ ብልቃጡን አውጥታ ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችው።

«ይሄ የማነው?»

«የእማዬ» አልኳት። ከእንግዲህ የሚደበቅላት ሰው አልነበረም።

ክንዴን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝና ከአልጋዋ ሥር በእርጥብ አሸዋ የተከበበ፣ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ማሰሮ ስባ አወጣች። ከፈተችውና እጄን ወደ ውስጥ አስገባችው። ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ጉድጓድ ውኃ። ውስጡ ያው ብልቃጥ፣ ያው ጽሑፍ፣ ያው ሰማያዊ ክዳን። የራሷ መድኃኒት ነበር፤ የክሊኒኳ ነርስ ናት አሉ፣ ፍሪጅ ለሌለው ሁሉ እንዲህ የምታሳየው። ከእንስራ ውኃ ሲጠጣ ካደገ ሕዝብ መጥተን የእማዬን ነፍስ በሽቦ ማንጠልጠላችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ማሰሮው ሰፊ ነው» አለች ማ-ኖምሳ፣ አሁን እያለቀሰች፤ «ስጠይቀው ለምን አልነገረኝም? አባትሽን ጠይቂልኝ፣ ለምን?»

ተመልሼ በአማርኛ ጠየቅኩት። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀች፣ እኔ መሀላቸው ቆሜ ጠበቅሁ። አባዬ መሬት መሬቱን አየ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በሕይወቴ የምተረጉመው ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሱቁን ሸጥነው። አባዬ አርጅቶ ሀላባ ገብቷል፤ ስንደዋወል ስለ ዝናብ እናወራለን። እኔ እማዬ ከሞተችበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ አንዳንዴ እንደ ታናሽ እህቴ ትታየኛለች፣ ልቆጣት ይቃጣኛል፣ ከዚያ ልቤ ይሰበራል። የምኖርበት ቤት ግድግዳ ላይ ባትሪ ተገጥሟል፤ ሠፈሩ ሲጨልም እሱ ራሱ ይነሳል፣ ፍሪጄ ለአፍታም አትጠፋም። ትናንት ከፍቼ አየኋት፤ ውስጧ እርጎና ከእራት የተረፈ ወጥ አለ፣ ሌላ ምንም የለም።