ሻምበል ሲሉኝ ዝም ብዬ ኖርኩ

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሚስቴ አስካለ ብቻ ናት የምታውቀው። እሷም ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት፤ እና የቀረነው እኔና እግዚአብሔር ነበርን... እስካለፈው እሁድ ድረስ።

እዚህ በስደት አገር፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ «ሻምበል በቀለ የት አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም እኔን ያሳያችኋል። እኔ ግን ሻምበል ሆኜ አላውቅም። አስር አለቃ ነበርኩ። ያውም የወጥ ቤት።

ነገሩን እኔ አልጀመርኩትም። አገሩን እንደረገጥኩ፣ ፓርኪንግ ስሠራ፣ ጋሼ ታምሩ «ወታደር ነበርክ አሉ፤ ማዕረግህ ምን ነበር?» አሉኝ። አፌን ሳልከፍት አጠገባቸው የነበረው ሰውዬ «ቁመናውን አያዩትም? ሻምበል ነው እንጂ!» አለ። ሳቅሁ። አይደለሁም ግን አላልኩም። ቀኑን ሙሉ የመኪና ቁልፍ ሲወረወርልኝ ውዬ፣ ማታ የአገሬ ሰው «ሻምበል» ሲለኝ ወገቤ ቀና ይል ነበር። ዝም ማለት እንደ መዋሸት አይቆጠርም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ችግሩ... ሻምበል ወጥ አይሠራም! ስለዚህ ምስር ወጤን ቤቴ ውስጥ ተደብቄ ነበር የምሠራው። እንግዳ ሲመጣ አስካለ ታቀርባለች፣ ምስጋናውንም እሷ ትቀበላለች። እንግዳው እንደወጣ «ሻምበል፣ ለነገ ደግሞ ጎመኑ ላይ ይዝመቱ!» ብላ ትስቅብኛለች። ስታርፍ ሰው ሁሉ «የአስካለ ምስር ቀረ» እያለ አለቀሰ። በተዝካሯ ቀን፣ ለሦስት መቶ ሰው አብስዬ የማውቀው ሰውዬ፣ ከረቫቴን አስሬ ወንበር ላይ ተጎልቼ ሌላ ሰው የሠራውን በላሁ። ይቺ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ወደ እሁዱ ልመለስ። ከቅዳሴ ወጥተን ሁልጊዜ የምንሄድበት ምግብ ቤት ቁጭ ብለናል። ጋሼ ታምሩ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። እዚሁ አጠገባችን ቶራንስ ከተማ ያለችውን ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ እንግዳ ናቸው። ቀና ብዬ ሳይ... ሻምበል ወርቁ! የገዛ አዛዤ! (ወርቁ ስማቸው አይደለም፤ ይህንንም ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው።) ሰሜን ግንባር ከተለያየን ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎናል።

«ይተዋወቁ፣ ሻምበል በቀለ ይባላሉ» አሉ ጋሼ ታምሩ እኔን እያሳዩ።

እንግዳው ትክ ብለው አዩኝ... ከዚያ ከዘራቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ ቀጥ ብለው ቆሙና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡኝ። ስንት ጊዜ ተረከዜን አጋጭቼ የቆምኩላቸው ሰው!

«እንዴ፣ ትተዋወቃላችሁ?»

«አንድ ግንባር ነበርን። ሻምበል ትልቅ ሰው ናቸው።»

«እርስዎስ? ማዕረግዎ?»

«እኔማ ከወታደሩ አንዱ ነበርኩ» አሉና ተቀመጡ።

ያን ቀን ምን እንደበላሁ አላውቅም።

ልጃቸው መኪናዋን ካቆመችበት እስክታመጣ በር ላይ ሁለታችን ብቻ ቆምን።

«ጓድ ሻምበል... ለምን አላጋለጡኝም?»

«ስንት ዓመት ያከበሩህን ሰውዬ በአንድ ምሳ ላዋርድህ? ደግሞ እኔ ማዕረጉን ጥዬዋለሁ በቄ። ሻምበል በተባልኩ ቁጥር እነዚያ ልጆች ይመጡብኛል። ሂዱ ያልኩት እኔ፣ ያልተመለሱት እነሱ።» መንገዱን አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን... ያን ትልቅ ድስት በበቅሎ ጭነህ ምሽግ ድረስ ስትመጣ ትዝ ይልሃል? ያን ደረቅ ኮቾሮ ስንቆረጥም ሰንብተን፣ የምስርህ ሽታ ገና ከሩቅ ሲደርሰን ልጆቹ ምን ነበር የሚሉት?»

«‹እናታችን መጣች!›»

«ወታደር እናቴ ብሎህ ሻምበልነት አማረህ? አንተ ሰውዬ፣ ምርጫ አታውቅም!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። ልጃቸው ጡሩንባ ነፋች፤ ሄዱ።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የጣሳው ኳኳታ፣ የማለዳው ብርድ፣ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎት፣ «አስር አለቃ፣ ለእኔ ከታች ጨልፍልኝ!» እያለ የሚያስቸግረኝ ያ ሁሉ ጎረምሳ... ለስንቱ የመጨረሻ ትኩስ ምግቡን ያቀመስኩት እኔ ነኝ። ለካ ስደብቅ የኖርኩት ይህንን ነው።

ሐሙስ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ለሰዎቹስ?» አሉኝ።

ትናንት ሚድ ሲቲ የሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ዘነበች አፓርታማ፣ የማኅበራችን የሚካኤል ዝክር ነበር። በጠዋት ሄጄ በቀጥታ ወጥ ቤት ገባሁ።

«ውይ ሻምበል፣ ገና እኮ ነው፤ ሳሎን አረፍ ይበሉ» አሉኝ እትዬ ዘነበች።

«እትዬ ዘነበች፣ ሻምበል አይደለሁም። የወጥ ቤት አስር አለቃ ነበርኩ። ማማሰያውን ይስጡኝ።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ሽንኩርቱን መክተፍ ስጀምር ግን ሳቁ ቆመ። ከሚያግዙት ሴቶች አንዷ ቀስ ብላ ሽርጥ አቀበለችኝ።

ምሳ ሲቀርብ ጋሼ ታምሩ ጎረሱ... አላመጡ... ደግመው ጎረሱ። «ይኼ የአስካለ ምስር ነው» አሉ ዓይናቸው እንባ እያቀረረ። «ጨው በዝቶበታል እንጂ።»

ሽርጤን እንዳገለደምኩ መሀል ቆሜ፣ ከፓርኪንጉ ቀን ጀምሮ ያለውን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ስለ ጨው ግን ይቅርታ... እጄ ለሦስት መቶ ሰው እንጂ ለአርባ መመጠን አልለመደም።