ለዝውውር ነው የታመመው

ጂንካ የደረስኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ የሂሳብ አስተማሪ ሆኜ ነው። ምደባው ሲነገረኝ ደሴ ያለችው እናቴ ከተማው በየት በኩል እንደሆነ ጎረቤቱን ሁሉ ስትጠይቅ ዋለች፤ የሚያውቅ አላገኘችም። ያኔ ባጃጅ የለም፣ ዩኒቨርሲቲ የለም፣ ሞባይልም አልደረሰም። ዛሬ ሁሉም አለ፤ እኔም አለሁ። የአውሮፕላን ማረፊያው መሀል ከተማ ያለ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ተማሪዎቻችንም በእሱ አቋርጠው ትምህርት ቤት ይገባሉ።

ከሌላ አገር የመጣን አስተማሪዎች አንድ ትልቅ ሥራ ነበረን። ማስተማር እንዳይመስላችሁ፤ ዝውውር መጠየቅ ነው። ለዝውውር ደግሞ ከሕመም የተሻለ ምክንያት አልነበረም። የኬሚስትሪው አስተማሪ አስም ነበረበት፤ ማመልከቻ ማስገቢያው ሲደርስ ይነሳበታል፣ ኳስ ሜዳ ሲገባ ይተወዋል። የታሪክ አስተማሪው ጨጓራ ነበረበት፣ በርበሬ በመብላት ግን የሚቀድመው አልነበረም። ማንም ማንንም አይወቅስም። አንዱ አሞኛል ሲል "እግዜር ይማርህ" በማለት ፈንታ "የሐኪም ወረቀቱ ደረሰ?" እንለዋለን። ከሁሉም ብሼ የምስቀው እኔ ነበርኩ፤ ነገረኛ ምላስ ነበረኝ።

በአራተኛው ዓመት እኔ ታመምኩ።

የደረሰብኝ ነገር አልነበረም። ሰው አልሞተብኝም፣ የከዳችኝ ሴት የለችም። አንድ ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩና ልጽፈው የነበረው ነገር ጠፋኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፈው ቀመር ነው። ክፍል ሙሉ ተማሪ እስክርቢቶውን ይዞ ጠበቀኝ። "ደብተራችሁን አንብቡ" ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምግብ አፌ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድም። መጀመሪያ ሸሚዜን መተኮስ ተውኩ፣ ቀጥሎ ማጠብ ተውኩ። ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ከሩቅ ይመጣብኛል። ብቻዬን ስሆን ብቸኝነቱ ይከብደኛል፣ ሰው መሀል ስገባ ደግሞ ይብስብኛል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ "እውነትም ታመሃል" እንዲለኝ።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባሁ። ደግ ሰው ነበሩ።

"ጋሼ፣ ደህና አይደለሁም፤ እንቅልፍ አጣሁ" አልኳቸው።

ተነስተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ዋናው ማስረጃው ነው። አንተ ማስረጃውን አምጣ እንጂ እኔ አላስቸግርህም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሠርተሃል፣ ይገባሃል።"

ለዝውውር አይደለም ልላቸው ስል ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሸኙኝ።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። "እንቅልፍ ነው ያልከው?" አለ ባለ አስሙ። "ይሄማ አሪፍ ነው! በራጅ አይታይ፣ በስቴትስኮፕ አይሰማ!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ሸሚዙንስ አያችሁት? ይሄ ልጅ እኮ አጥንቶ ነው የገባበት" አለ ሌላው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አለመሳቅም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ አልነበረኝም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የአእምሮ ሕክምና የተማረ አንድ ነርስ እንዳለ ሰምቼ ነበር። ክፍሉ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፤ በሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። ተራ የሚጠብቀው ሁሉ መድኃኒት ሊገዛ የመጣ መስሎ ከወዲያ ማዶ ይሰለፍና፣ በሩ ሲከፈት ግራ ቀኙን አይቶ ዘው ይላል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ነርሱ የአገሩ ተወላጅ፣ አሪ ነው፤ ዓይኑ ላይ ድካም ይታያል። ከላይ እስከ ታች አየኝ፣ እጅጌዬ ላይ ያለውን ጠመኔም አየ።

"ቲቸር፣ ለወረቀት ነው?" አለኝ።

በቁጣ አልነበረም። ከእኔ በፊት ስንት አስተማሪ በዚያ በር ገብቶ እንቅልፍ አጣሁ እንዳለው እሱ ያውቃል።

"አዎ" አልኩት።

ያቺን "አዎ" ዛሬም ድረስ ሳስባት ፊቴ ይግላል። አእምሮዬን አሞኛል ማለት እችል ነበር፤ ውሸታም መሆንን መረጥኩ። ውሸታም አስተማሪ ሞልቷል፣ የሚያፍርበትም የለም። ያበደ አስተማሪ ግን አልነበረም፤ የመጀመሪያው ለመሆን ድፍረት አጣሁ። ነርሱ ጽፎ ማኅተም መታበት። መድኃኒት አልሰጠኝም፤ ለዝውውር ለታመመ ሰው ምን መድኃኒት ይሰጣል? ባለ አስሙ ጓደኛዬ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ "ሐዋሳ፣ ትምህርት ቢሮ ስሄድ እኔው አደርስልሃለሁ" አለኝ። በጎ ልብ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው የአሪ ሴት ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። ገበያ ላይ ጎደሬና ሙዝ ይሸጣሉ፤ አማርኛቸውንም የለመዱት እዚያው ነው፣ አጭርና ቀጥ ያለ። ፕሮቴስታንት ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ እኔ ደግሞ ማተቤን ሊያስበጥሱኝ የመጡ ይመስል ሦስት ዓመት ሙሉ ረቡዕ ከሰዓት ከግቢው ስሸሽ ኖሬያለሁ።

እማማ ማታ ማታ የሚልኩልኝ ሳህን እንደሄደ ሲመለስ ሦስት ቀን ታዘቡ። በአራተኛው ቀን፣ በገበያ ቀን፣ ገበያቸውን ትተው በሬ ላይ ቆሙ።

"ቲቸር፣ አትበላም።"

"እበላለሁ እማማ።"

"እኔ ሳህን አያለሁ። አትበላም። አትተኛም። ልብስ አታጥብም። ማን ሞተብህ?"

"ማንም።"

"እንግዲያ የታመምከው አንተ ነህ።"

ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው፤ ካልጠበቅሁት በር መጣና አስለቀሰኝ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ እንደነበር፣ ወረቀት እንደተጻፈልኝ ነገርኳቸው።

"ወረቀት ይዋጣል?" አሉኝና እጄን ያዙ።

እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ፣ በገበያው መሀል አለፍን። ነጋዴዎቹ ዛሬ ምን ሆነሽ አልወጣሽም ብለው ቢጠይቋቸው እጄን ሳይለቁ ቀጠሉ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ያንን ባዶ አግዳሚ ወንበር አዩና መሀሉ ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸውም ቅርጫታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ። ማዶ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አየን። ተራችን ሲደርስ ከነርሱ ጋር በአሪኛ ብዙ ተነጋገሩ። መጨረሻ ላይ እኔ እንድሰማ በአማርኛ "ይሄ ወረቀት አይፈልግም። ይሄ የእውነት ነው" አሉት።

ነርሱ አቀረቀረ። "ይቅርታ ቲቸር። ሁላችሁም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምትሉት፤ መለየት አቃተኝ።" ከዚያ መጀመሪያ ሊጠይቀኝ የሚገባውን ጠየቀኝ። መኖር አስጠልቶኝ እንደሆነም ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት እንደሚፈጅ፣ በየሳምንቱ እንድመለስ ነገረኝና "ብቻህን እንዳትቀመጥ። ማን አለህ?" አለኝ።

 

"እኔ አለሁ" አሉ እማማ።

በሚቀጥለው ረቡዕ አልሸሸሁም፤ የምሸሽበት ጉልበትም አልነበረኝም። ሴቶቹ በአሪኛ ጸለዩ፣ ዘመሩ። እጁን የጫነብኝ የለም፣ ስለ ማተቤም የተናገረኝ የለም። አንዲት አሮጊት ቦሎቄ የሞላ ሰፌድ ጭኔ ላይ አስቀምጠው እንዴት እንደሚፈለፈል አሳዩኝ፤ ስጨርስ ሌላ ጨመሩልኝ። ከሚሉት አንድ ቃል አይገባኝም። እሱ ነበር ዕረፍቱ፤ መልስ የሚጠብቅብኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም። መሀላቸው ተቀምጬም ባዕድ ነበርኩ፣ ብቸኝነቱም አልለቀቀኝም። ጣቶቼ ግን ይሠሩ ነበር። ከስንት ረቡዕ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቀን ራበኝ።

ዝውውሩ የመጣው ይሄኔ ነው። ለዚያውም ደሴ፣ እናቴ ደጃፍ! መምህራኑ አጨበጨቡልኝ። "ጋብዝ!" አሉኝ።

"አልሄድም" አልኳቸው። እናቴ ልጄ አስተማሪ ነው እያለች በየሰዉ ቤት ስትኮራ የኖረች ሴት ናት፤ እንዲህ ሆኜ ፊቷ መቆም አልቻልኩም። "እውነቴን ነው የታመምኩት። የሚያክመኝ ሰው ያለው እዚህ ነው።"

"ኧረ በቃህ! ከደረሰልህ በኋላ እንኳ አትተወውም?" አለ ባለ አስሙ፣ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ። የክኒኑን ከረጢት ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሳቁ ቆመ። ከክኒኑ ይልቅ ያሳመናቸው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል፤ ደሴ ተሰጥቶት እምቢ የሚል ጤነኛ ሰው አይተው አያውቁም።

በመጨረሻ አመኑኝ። ከማግስቱ ጀምሮ የሚያሾፍብኝ ጠፋ። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። "እንዴት ነህ?" የሚሉኝ ጮክ ብለው፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ ለሕፃን እንደሚባለው ሆነ። ባለ አስሙ ዳማ መጫወቻችንን ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። ሲስቁብኝ ቢያንስ አብሬያቸው ነበርኩ።

እማማ ደስ ይላቸዋል ብዬ ሮጬ ነገርኳቸው። ተቆጡ።

"እናት አለህ?"

"አለች።"

"ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እኔ የሰው ልጅ ደብቄ አስቀምጣለሁ እንዴ? ሂድ ንገር። ከዚያ ከፈለግህ ቅር፣ ከፈለግህ ሂድ። መጀመሪያ ንገር።"

ቴሌ ሄጄ ተሰለፍኩ። ደሴ ስልክ ያላቸው ጎረቤታችን ነበሩ፤ እናቴን እስኪጠሩልኝ ጠበቅሁ። ሰው የሞተ መስሏት ሮጣ መጣች፤ ትንፋሿ ይሰማኛል።

"ታምሜ ነበር እማዬ።"

"ምንህን?"

"አእምሮዬን። መተኛት፣ መብላት፣ መኖር፣ ሁሉም አስጠላኝ። አሁን መድኃኒት እወስዳለሁ።"

  ከኋላዬ ተረኛው የስልክ ክፍሉን መስታወት አንኳኳብኝ።

"አባትህም እንዲህ ያደርገው ነበር" አለች።

"አባዬ? አባዬ እኮ የሚያመው ወገቡን ነበር።"

"ለሰው እንደዚያ እንል ነበር ልጄ። ለእናንተም።"

ልጅ ሳለሁ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳምንት ሙሉ ሲተኛ ታየኝ። እናቴ ለብ ያለ ቅቤ መዳፌ ላይ ታደርግልኝና "ሂድ፣ የአባትህን ወገብ እሽለት" ትለኝ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ወጥቼ ባለኝ አቅም ሁሉ አሸዋለሁ። "የሚያምህ እዚህ ጋ ነው አባዬ?" ስለው፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር፣ "ትንሽ ከፍ በል። አዎ፣ እዚያ ጋ" ይለኝ ነበር።