ጀሪካን የደበቀችው ስም

ያኔ በዩኒፎርም ስፌት ቤቱ ቁልፍ የምትሰፋዋን ልጅ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ጀሪካን ነበር የሚሏት። የአንዱን ሸሚዝ ቁልፍ ሳትጨርስ ሁለቴ ውሃ ትጎነጫለች። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ ትደርባለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ በጣቷ አትነካም።

«ጀሪካን፣ ዛሬ ደግሞ በረዶ ሊጥል ነው እንዴ?» ይሏታል።

አብራቸው ትስቃለች። እንዲህ ስቃ ማለፍን ያስተማረቻት እናቷ ናት።

ደሟ ውስጥ ያለው ቀይ ሕዋስ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ ሐኪሞቹ ሲክል ሴል ይሉታል። ውሃ ሲጎድላት ወይ ብርድ ሲመታት አጥንት አጥንቷን ይወጋታል። እናቷ ገና በልጅነቷ፣ «ይሄን ስም ከአፍሽ እንዳታወጪ። የሰማ አያገባሽም፤ ያገባሽም ይመልስሻል» ብላታለች። አፏን ዘግታ አደገች፣ አፏን ዘግታ አገባች። ባሏ ብርድ የማይስማማት ሴት አገባሁ ብሎ ነው የሚያውቀው።

ታዲያ አንድ ሰሞን ሕመሙ ቦታ ቀየረ። ቅባት ያለው ነገር በበላች ቁጥር በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቷ ሥር ጠምዝዞ ይይዛትና እስከ ትከሻዋ ይወጣል። ያው የለመድኩት ነው ብላ ሙቅ ውሃ ጠጥታ ተኛች። ዓይኗ ድሮም ቢጫ ይል ነበር፤ አሁን ግን ባሰበት። አብራት የምትሠራው ልብስ ተኳሽ አገጯን ይዛ ወደ መስኮቱ አዞረቻት።

«አንቺ፣ የወፍ በሽታ እንዳይሆን! እኛንም ልትጨርሺን ነው?»

በማግስቱ ኩባያዋ ከሌሎቹ ተለይቶ ለብቻው ተደፍቶ አገኘችው። ማን እንዳነሳው አልጠየቀችም። ከዚያ ወዲያ ግን ሁሉንም በጎሪጥ ታይ ጀመር፤ ማን ወንበሩን እንዳራቀ፣ ማን እሷ የያዘችውን መቀስ ጠርጎ እንዳነሳ።

አንድ ቀን ቤቷ ውስጥ ሕመሙ ሲጥላት አማቷ ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዷት። በአልትራሳውንድ ታየች። የሐሞት ጠጠር ነው፣ ከረጢቱ በቀዶ ሕክምና ይወጣል ተባለ። ጠጠር? ከየት የመጣ ጠጠር? ሊቀድዱኝ ምክንያት ፈልገው ነው አለች በሆዷ። ታላቅ ወንድሟም ይሄው ደም ነበረበት። ትርፍ አንጀት ነው፣ ቀላል ነው ብለው አስገቡት፤ ተሸፍኖ ወጣ። እናቷ ያን ቀን ለሐኪሞቹ ስለ ደሙ ነግራቸው ይሆን? ጠይቃት አታውቅም፤ መልሱን ትፈራለች።

ቀዶ ሐኪሙ በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ካርዷን ያገላብጥ ጀመር። አማቷ ከግርጌ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

«ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነው። ደምሽ ዝቅ ያለ ነው፤ ድሮም እንዲህ ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ!» በልጅነቷ ሁለት ጊዜ ተሰጥቷታል።

ካርዱን ዘጋው፤ ግን አልተነሳም። «በዚህ ዕድሜ፣ እንደ አንቺ ቀጭን ሆኖ ጠጠር ያለበት ብዙ አይገጥመኝም። ቀይ ሕዋስ ቶሎ ቶሎ ሲፈርስ ነው ፍርስራሹ ሐሞት ውስጥ ረግቶ ጠጠር የሚሆነው። የምትደብቂኝ ነገር አለ?»

አውቆ እያወጣጣት ነው ወይስ ሳያውቅ? ዓይኑን አየችው፤ ምንም አይነበብም። አማቷ ብርቱካኑን መላጥ አቁመዋል። ብትናገር ትዳሯ፣ ብትደብቅ እንደ ወንድሟ።

«ዶክተር… ለእርስዎ ብቻ ብነግርዎትስ?»

«ለምን ለሱ ብቻ?» አሉ አማቷ። «እኔ ምን ልሁን ነው፣ ግድግዳ?»

«ሲክል ሴል አለብኝ» አለች፣ አንሶላውን እያየች። «ከልጅነቴ ጀምሮ።»

ሐኪሙ ብድግ አለ። «ነገ አትገቢም። መጀመሪያ ደም ይዘጋጅልሻል፣ ፈሳሽ ይሰጥሻል፣ እንዳይበርድሽ ይደረጋል። ይሄን ሳናውቅ አደንዝዘንሽ ቢሆን ኖሮ…» ነርሷን እየጠራ ወጣ።

«ልጄ ያውቃል?» አሉ አማቷ።

«አያውቅም፣ እማማ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቱን ጠረጠርኩ! ውሃ ስትጠጪ ስኳር አለባት አልኩ። ሹራብ ስትደርቢ የምትደብቀው ነገር አላት አልኩ። ለካስ አላት!» ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ሦስት ቀን ዝር አላሉም። ባሏ መጣ፤ አንሶላዋን አስተካከለ እንጂ ምንም አልጠየቃት። ነግረውታል? አልነገሩትም? ከፊቱ ልታነብ ብትሞክር አቃታት። ሊመልሱኝ ዕቃዬን እየሰበሰቡ ነው ስትል ቆየች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አልጋዋን እየገፉ ሲወስዷት አማቷ የቀዶ ሕክምናው በር ላይ ቆመው የነርሷን እጅጌ ይዘዋል።

«ይቺ ልጅ ሲክል ሴል አለባት። ተጽፏል?»

«ተጽፏል፣ እማማ።»

«የታል? እኔ ማንበብ አልችልም፤ ጣትሽን አድርጊበትና አሳዪኝ። ደሙስ የሷ ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?»

ኮሪደሩ ሙሉ ዞሮ አየ። ልትጠይቃት የመጣችው ልብስ ተኳሿም አፏን ከፍታ ቆማለች።

«እማማ፣ ቀስ ብለው… ሰው ይሰማል» አለች ጀሪካን፣ አንሶላውን ወደ ፊቷ እየሳበች።

«ይስማ!» አሏትና ወደ ነርሷ ተመለሱ። «ክፍሉስ ይሞቃል? እስኪ ቆይ፣ ልግባና ልየው።»