የሰዓት ሠሪው ስልክ

ወጣት ሳለሁ ድሬዳዋ ውስጥ የስልክ ጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ጉረኛም ነበርኩ። ሌላውን ያቃተው መስመር እኔ ስነካው ይናገራል እያልኩ የማልፎክርበት ቀን አልነበረም። ሙያ በልብ ነው የሚለውን ምክር ሰምቼዋለሁ እንጂ አልያዝኩትም።

የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ በከፋበት ሰሞን፣ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሰዓት ሠሪ የቤቴ ስልክ ይዘገያል ብለው አመለከቱ። ስሄድ ሽማግሌው የኪስ ሰዓት በእጃቸው ይዘው በር ላይ ቆመዋል።

«ስማ አቦ» አሉኝ። «የጎረቤቴ ስልክ ቁጥሩ ዞሮ እንዳለቀ ይጠራል። የኔ አሥራ አንድ ሰከንድ ይቆያል። ወላሂ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለካሁት። ለምንድነው?»

ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። የጎረቤታቸው ጥሪ መሥሪያ ቤታችን ያለው የማገናኛ ማሽን ውስጥ ገብቶ በማሽኑ ይወጣል፤ የሰው እጅ አይነካውም። የእሳቸው ሽቦ ግን ከማሽኑ ተነቅሎ፣ በግድግዳ ቀዳዳ ወደ ጎን ክፍል ተስቧል። እዚያ የተቀመጠው የደኅንነት ሰውዬ ጥሪ ሲመጣለት ገመድ ሰክቶ በእጁ ያገናኛል፤ ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይሰማል። ስለዚያ ክፍል አይጠየቅም። አንድ ባልደረባችን ጠይቆ በማግስቱ ሥራ አልገባም፤ ከዚያ በኋላም አላየነውም።

የሚያዳምጧቸው በመጨረሻው ልጃቸው ምክንያት ነው። ልጁ ለውትድርና ሲፈለግ ጠፍቷል። የት እንዳለ የሚያውቁት አባቱ ብቻ ናቸው ይባል ነበር።

«ሽቦው አርጅቷል፣ አባባ» አልኳቸው። ፈርቼ ነው የዋሸሁት።

ቢሮ ስመለስ የጎን ክፍሉ ሰውዬ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። የሽማግሌው ስልክ ሻይ እንኳ አላስጠጣ አለኝ፣ እጄ ገመድ ስሰካ ዋለ ብሎ አማረረ። ያን ጊዜ ያቺ ጉራዬ ተነሳችብኝ። ማገናኘቱን ለማሽኑ መልሼ፣ ለሰውዬው ከጎን የሚሰማበት ቅጥያ ሽቦ ብቻ ብተውለትስ? ለማንኛውም መስማታቸው አይቀር፤ ሽማግሌው ደግሞ ፈጣን ስልክ ያገኛሉ። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ከተማው በሙቀቱ በሩን ዘግቶ ባረፈበት ሰዓት፣ ልፈትሽ ቤታቸው ሄድኩ። ሰዓታቸውን እያዩ ደወሉ።

«ወዲያው ጠራ! እጅህን አላህ ይባርከው አቦ!»

ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን በሩ ላይ እስክደርስ እንኳ አልቆየም። መንገዱ ላይ ማንም ሳይኖር ሁለት ጊዜ ዞሬ ኋላዬን አየሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ተያዘ ሲባል ሰማሁ። ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ ወሰዱት፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ላኩት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

ሽማግሌውን ልጠይቅ ስሄድ ግቢያቸው ውስጥ ለብቻቸው ተቀምጠው ነበር።

«ሲዘገይ ጊዜ መሃል ሰው አለ ብዬ እጠረጥር ነበር» አሉኝ። «ሰላምታ ብቻ አውርቼ እዘጋለሁ። አንተ ስትጠግነው ሰውዬው ሄደልኝ ብዬ አመንኩ። ልጁ ጀልዴሳ እንዳለ ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። በገዛ አፌ!»

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ልጄ» አሉኝ።

እንደማውቅ አልነገርኳቸውም።