ሊንዝ ላይ አልወረድኩም

በጋዜጠኝነት ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያላየሁትን ሰው አየሁ ብዬ የጻፍኩት ዜና የለም። ያልጻፍኩት፣ በአፌ ብቻ የተናገርኩት ግን አንድ አለ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ለአንድ ዓመት ትምህርት ጄኔቫ የሄድኩ ጊዜ ነው። ፕላንፓሌ ባለው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ውስጥ በዕድሜ ከእኔ በአሥራ አምስት ዓመት ከሚያንሱ ልጆች ጋር እማር ነበር። የምኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር፣ ቀለማቸው ከሚለያይ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የፈረንጆቹ ፋሲካ ሲደርስ ትምህርት ለአሥር ቀን ተዘጋ። የክፍል ጓደኞቼ ከሳምንታት በፊት ጀምረው የሚያወሩት ስለ ባቡርና ስለ ከተማ ብቻ ስለነበር እኔም መስመሬን አወጣሁ። ዙሪክ፣ ሙኒክ፣ ፕራግ፣ ቪየና፤ ከቪየና በቀጥታው ባቡር ወደ ዙሪክ መመለስ። የመኖሪያ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ስለነበረ ድንበር የሚባል ነገር አላሳሰበኝም። ያኔ ይህን እንደ ተራ ነገር ነበር የማየው።

ዙሪክ ያረፍኩት እትዬ ቤት ነው። እንድጽፍ በመጨረሻ ሲፈቅዱልኝ ያሉኝ «ስም እንዳትጠራ» ብቻ ስለሆነ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። አዲስ አበባ ያለ ባልደረባዬ ስልካቸውን ሰጥቶኝ፣ ስዊዘርላንድ የገባሁ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው የተቀበሉኝ፣ ሦስት ቀንም ሶፋቸው ላይ ያሳደሩኝ እሳቸው ናቸው። ዙሪክ ዳር ባለችው በኦፕፊኮን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ያጸዳሉ። ቤታቸውም እዚያው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል፤ ካለፈ በኋላ ከቆመበት ይቀጥላል።

አውሮፕላን ሥር ቢኖሩም ከስዊዘርላንድ መውጣት አይችሉም ነበር። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ኤፍ የሚባለው ነው። «በጊዜያዊነት ተቀብለንሻል» ማለት ነው፤ ጊዜያዊነቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። ለመውጣት ማመልከት፣ በቂ ምክንያት ማቅረብና መጠበቅ አለባቸው።

በእኛ አቆጣጠር ገና ሁዳዴ ስለነበር ሽሮና ጎመን አቀረቡልኝ።

«ፈረንጆቹ ቀድመው ፈሰኩ» አሉኝ። «አንተም ከእነሱ ጋር የገደፍክ ትመስለኛለህ።»

«እኔ እየጾምኩ ነው እትዬ።»

«አፍህ ቸኮሌት ቸኮሌት እየሸተተ? ጋዜጠኛ ሲዋሽ ያስታውቃል።»

ሳቅን። ከዚያ ተነሥተው ከመኝታ ቤት አንድ ሰማያዊ ሹራብ ይዘው መጡ።

«ካርታ አይቻለሁ። ከቪየና ስትመለስ ሊንዝ መንገድህ ላይ ነው» አሉኝ።

የኦስትሪያ ከተማ በሆነችው ሊንዝ የምትኖረው ታናሽ እህታቸው ናት። እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከአገር ከወጡ ወዲህ ግን አልተገናኙም፤ የእሷም ወረቀት አላለቀም።

«ፊቷን ካየሁ ሁለት ወር አለፈኝ» አሉ። «ስደውል የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል ትለኛለች። አንተ የተማርክ ነህ፤ ስልኩ ደህና ሆኖ ካሜራው ብቻ ይበላሻል?»

«ሊበላሽ ይችላል።»

«ሁለት ወር ሙሉ?»

የማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት የተለጠፈ ቅጽ አሳዩኝ። ከአገር ለመውጣት የሚሞላው ማመልከቻ ነው። ስማቸውም አድራሻቸውም ተሞልቷል፤ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«የቅርብ ዘመድ በጠና ከታመመ ይፈቅዳሉ። ታማለች ብዬ እንዳልጽፍ አላየሁም። አንተ እያት። ታማ ከሆነ የሐኪም ወረቀት ይዘህልኝ ና፤ በማግሥቱ አስገባለሁ። ደግሞ እሷ የምትልህን አትስማ። የሰማኸውን ሳይሆን ያየኸውን ንገረኝ።»

የሰማኸውን ሳይሆን ያየኸውን። ለጀማሪ ሪፖርተሮች እኔ ራሴ የምለው ነው።

«ሹራቡን አልብሳት» አሉ ሲሸኙኝ። «አገር ቤት እያለን በማውቀው ልኳ ነው የሠራሁት። ሰፍቷት እንደሆነ አይተህ ትነግረኛለህ።»

ሙኒክ ዘነበብኝ። ፕራግ ሁለት ቀን ያልኩት ሦስት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ጀልባ እያየሁ፣ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ። ለሊንዝ ያሰብኩት ቀን ያ ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የዚያን ዕለት የተጻፈው «ፀሐይ ወጣ» የሚል ብቻ ነው።

ቪየና ላይ፣ ባቡሬ ሊነሣ አንድ ሰዓት ሲቀረው ለእህትየዋ ደወልኩ።

«እርስዎ ነዎት—»

«አንቺ በለኝ ባክህ፤ እኩያ ሳንሆን አንቀርም» አለችኝ። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፍላ ትተነፍሳለች። ይህን ኋላ አይደለም ያስተዋልኩት፤ ያኔም ሰምቼዋለሁ።

ትኬቴ ለዚያ ባቡር ብቻ የሚያገለግል እንደሆነ፣ ግን ከፈለገች ወርጄ ልጠይቃት እንደምችል ነገርኳት። አባባሌ «አትምጣ» በይኝ ብሎ የሚለምን ነበር።

«ኧረ አትቸገር። ቤትም አልገኝም፣ ሥራ ነኝ። ሹራቡን በፖስታ ላክልኝ።»

«እትዬን ምን እላቸዋለሁ?»

«አየኋት በላት። እኔም መጥቶ ነበር እላታለሁ። ደስ ይላታል።»

በእኛ አገር «አትቸገር» የተባለ ሰው ይቸገራል። እንግዳ «ጠግቤአለሁ» ስላለ ገበታ አይነሣም። ይህን ለማወቅ ጋዜጠኛ መሆን አያስፈልግም። ጋዜጠኛ የሆነ ደግሞ ሌላም ያውቃል፤ ሰው ሳይጠየቅ ውሸት ሲያቀብልህ የሚሸፍነው ነገር አለ። «ለምን?» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምታስፈልገው። ይህችን ቃል ስጠይቅ የኖርኩበትን ሥራ ቪየና ጣቢያ ላይ ተውኩት፤ ያቀበለችኝ ውሸት ለእኔም ተመችቶኝ ነበርና።

ባቡሩ ሊንዝ ላይ ቆመ። አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ ለማውረድ ስትታገል አይቼ ተነሥቼ አገዝኳት። ጋሪውን ሳወርድ አንድ እግሬ የጣቢያውን መሬት ረግጧል። ሴትዮዋ አመሰገነችኝ። ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሹራቡ ከራሴ በላይ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በሩ ተዘጋ።

እትዬ ከሥራ ወጥተው ዙሪክ ጣቢያ፣ ባቡሩ የሚቆምበት ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። የሆቴሉን የደንብ ልብስ እንኳ አልቀየሩም።

«አየሃት?»

«አየኋት።»

«ሹራቡስ?»

«ልክ ሆናት።»

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙኝ። ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነው። «እግዜር ይስጥህ፣ ዛሬ እተኛለሁ» አሉ።

ሹራቡን ጄኔቫ በገባሁ ማግሥት በፖስታ ላክሁት። ለእኛ ፋሲካ ዙሪክ ስሄድ ማቀዝቀዣው ላይ ማግኔቱ ብቻ ቀርቷል። ቅጹ የት እንደገባ አልጠየቅኩም።

ግንቦት ላይ፣ ፕላንፓሌ ትራም ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። ከሊንዝ የምትደውል የማላውቃት ሴት ናት፤ በአማርኛ ሰላም አለችኝ። ከዚያ የእትዬ እህት ትናንት እንዳረፈች ነገረችኝ። ከገና ጀምሮ ሕክምና ላይ ነበረች። «እህቴ እንዳትሰማ ብላ አስምላናለች» አለችኝ። «ስልኳ ላይ ያገኘነው የስዊዘርላንድ ቁጥር ሁለት ነው። አንዱ የእህቷ ነው፤ ለእሷ መርዶ በስልክ አይነገርም። እርስዎ እንዲያረዱልን ብለን ነው።»

በማግሥቱ ንጋት ላይ ከእትዬ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ሆነን ኦፕፊኮን በራቸው ላይ ቆምን። አምስት ነበርን። ከፊት የቆሙት ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። እትዬ ለሥራ ለብሰው በሩን ከፈቱ። ሐበሻ በጠዋት ሰው ተሰብስቦ በሩ ላይ ሲያይ ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ።

ሲያለቅሱ ቆይተው ቀና አሉና ወደ እኔ ጠቆሙ። «እሱ አይቷታል። እሱን ጠይቁት፤ ደህና ነበረች።»

«ደብቃው ነው እንጂ እሱ ምን ያድርግ» አሉ ሽማግሌው። አንዲት ሴት ውሃ አቀበለችኝ። በዚያ ለቅሶ ቤት ሰው እኔንም አጽናናኝ። እኔም ውሃውን ጠጣሁ።

እትዬ «ምን ምን አለችህ?» ሲሉኝ፣ «የምታወራው ስለ እርስዎ ብቻ ነበር» አልኩ። ይህም ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

ማመልከቻው የዚያን ዕለት ገባ። ቀብሩ ከፈቃዱ ወረቀት ቀደመ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለዛቫንሼ ባለው የፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ጥቅል እንድወስድ የሚጠራ የፖስታ ቤት ወረቀት አገኘሁ። ሄጄ ስቀበል የራሴ ጥቅል ነው። «አልተወሰደም» ተብሎ ተለጥፎበታል። የሊንዙ አድራሻ በእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ብጥለው የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም። ይህን ማሰቤን መደበቅ አልፈልግም፤ ትራም ሁለት ጊዜ እስኪያልፈኝ ድረስ ቆሜ አስቤዋለሁ። ቅዳሜ ጥቅሉን ሳልከፍት ይዤ ዙሪክ ሄድኩ።

እትዬ ጠረጴዛው ላይ አድርገው አድራሻውን ቀስ ብለው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ እንደገና አነበቡ።

«በፖስታ ነው የላክኸው?»

«በፖስታ ነው።»

«አላየሃትም።»

«አላየኋትም።»

«ባቡሩ ሊንዝ አይቆምም?»

«ይቆማል። ቆሞ ነበር።»

አውሮፕላን መጣ። ሁለታችንም እስኪያልፍ ጠበቅን።

«እኔ እኮ አንተን ያመንኩት ሥራህ ነው ብዬ ነው» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ታማለች ብትለኝ እደርስባት ነበር።»

ይቅርታ ለመጠየቅ ስንበረከክ ትከሻዬን ገፋ አደረጉ፤ «ተነሥ፣ ይኼ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?»

ጥቅሉን በመቀስ ከፍተው ሹራቡን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። «ለማን ተናገርክ?» አሉኝ።

«ለማንም።»

«እንዳትናገር። አገር ቤትም እዚህም ሰው ሁሉ አይቷት ነበር ብሎ ነው የሚያውቀው። እህቴ የዘመድ ዐይን ሳያያት ሞተች አይባልም። አይተሃታል። ሹራቡም ልኳ ነበር። ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

እውነቱን ተናግሬ እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ውሸቱን መልሰው አሸከሙኝ፤ አሁን ግን የእሳቸው ነበር፤ ጥዬው የምሄደው አልሆነም።

አርባዋ ዙሪክ ወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በሚጠቀምበት አዳራሽ ሰው ምሳ እየበላ ሳለ አንዲት የማላውቃቸው እናት አጠገቤ ተቀመጡ።

«የሟች እህት፣ አንድ ጋዜጠኛ ነው መጨረሻ ያያት ብላኝ ነበር። አንተ ነህ አሉኝ።»

ከጠረጴዛው ማዶ እትዬ እጃቸው እንጀራው ላይ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ። ሰማያዊውን ሹራብ ለብሰዋል። እጅጌው አጥሯቸው የእጃቸው አንጓ ይታያል።

«አዎ፣ እማማ» አልኩ። «አየኋት።»